ሰዓቱ የሚከስ ከሆነ ሁለቱንም ይክሰስ

ሰሞኑን ስለ ብስክሌተኛው ታዴይ ፖጋቻር በአማርኛ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ነበር። እኔም ጋ ደረሰ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። ስሎቬኒያዊው ፖጋቻር ያለ አበረታች ቅመም እንዲህ ሊጋልብ አይችልም። ማስረጃዎቹ ዳገት የወጣበት ሰዓት፣ የቡድኑ አለቃ ያለፈ ታሪክ እና የሚተነፍሰው ጋዝ ናቸው። ምርመራ የሚባለው ለይስሙላ ነው። ዴንማርካዊው ተቀናቃኙ ዮናስ ቪንጌጋርድ ደግሞ የሚሸነፈው ንጹሕ ስለሆነ ነው።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልናገር። እኔ የቪንጌጋርድ ደጋፊ ነኝ። በ2022 እና በ2023 ቱር ደ ፍራንስን ሲያሸንፍ ጮቤ ረግጫለሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ ለፖጋቻር ጥብቅና ልቆም አልመጣሁም። ንጹሕ ነው ብዬም አልምልለትም። ለማንም ብስክሌተኛ አልምልም፤ ይህ ስፖርት የማለለትን ሁሉ ሲያሳፍር ኖሯል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። የቀረበው ማስረጃ በእርግጥ ፖጋቻርን ከቪንጌጋርድ ይለያል ወይ?

ጽሑፉ የሚነሳው ከፕላቶ ደ ቤይ ነው። ፒሬኔ ተራሮች ላይ ያለ ዳገት ነው፤ ርዝመቱ ወደ 16 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በ1998 ጣሊያናዊው ማርኮ ፓንታኒ በ43 ደቂቃ ተኩል ገደማ ወጣው። ለ26 ዓመት ያንን ሰዓት የደፈረ አልነበረም። በ2024 ቱር ላይ ፖጋቻር ከ40 ደቂቃ በታች ወጣው። ልዩነቱ ሦስት ደቂቃ ተኩል አካባቢ ነው። ፓንታኒ ደግሞ የዋዛ ሰው አልነበረም። የ1998 ናሙናው ከዓመታት በኋላ ሲመረመር ኢፒኦ (ኦክስጅን የሚሸከሙትን ቀይ የደም ሴሎች የሚያበዛ ቅመም) እንደተገኘበት የፈረንሳይ ሴኔት በ2013 ይፋ አድርጓል። እንግዲህ ጸሐፊው የሚለው፣ ቅመም የወሰደውን ሰው በሦስት ደቂቃ ተኩል የሚበልጥ ምን ወስዶ ነው?

ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም ያን ቀን ውድድሩን እያየሁ ጥርጣሬ ገብቶኝ ነበር። ግን ጸሐፊው የዘለለው ነገር አለ። ከዳገቱ ግርጌ ጀምሮ ፍጥነቱን ያከረረው የፖጋቻር ቡድን አልነበረም። የቪንጌጋርድ ቡድን ቪስማ ነው። ማቲዮ ጆርገንሰን የሚባለው አሜሪካዊ ባልደረባው ከፊት ሆኖ እየጎተተ ሌላውን ሁሉ አንጠባጠበ። ከዚያ አሥር ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ሲቀር ቪንጌጋርድ ራሱ አፈትልኮ ወጣ። መከተል የቻለው ፖጋቻር ብቻ ነው። ለአምስት ኪሎ ሜትር ያህል ከቪንጌጋርድ ጎማ ኋላ ተለጥፎ ቆየ፤ ነፋሱን የሚበላው የኛ ሰው ነው። አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር ፖጋቻር ጥሎት ሄደ። በመጨረሻ በመካከላቸው የነበረው 1 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ነው።

ሂሳቡን እንሥራው። ፖጋቻር ፓንታኒን በሦስት ደቂቃ ተኩል ከበለጠ፣ ቪንጌጋርድም ከሁለት ደቂቃ በላይ በልጦታል። ሦስተኛ የገባው ቤልጂየማዊው ሬምኮ ኤቨንፑል እንኳ ከፓንታኒ ፈጥኗል። ቪንጌጋርድ ራሱ ያን ቀን ከመቼውም የተሻለ አቅሙን እንዳሳየ ተናግሯል። ሰዓት ምስክር ነው ካልን የመሰከረው በሦስት ሰው ላይ ነው። ጸሐፊው ግን አንዱን ብቻ ይዞ ሁለቱን በጓሮ በር አስወጥቷቸዋል።

ይባስ ብሎ ጽሑፉ 2023ን ጭራሽ አያነሳም። እንዴት ይዘለላል? ያ ዓመት እኮ የዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ እምብርት ነው። በቱሩ 16ኛ ቀን ከፓሲ እስከ ኮምብሉ የ22.4 ኪሎ ሜትር የግል ክሮኖ ሜትር ነበር፤ እያንዳንዱ ብቻውን ከሰዓት ጋር የሚሽቀዳደምበት ማለት ነው። ፖጋቻር ግሩም ጋለበ። ሦስተኛ የወጣውን ቫውት ቫን አርትን ከአንድ ደቂቃ በላይ ቀደመው። በማንኛውም ሌላ ቀን ቢሆን ያሸንፍ ነበር። ቪንጌጋርድ ግን እሱን በ1 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ በለጠው። በኪሎ ሜትር ከአራት ሰከንድ በላይ ማለት ነው። በዚህ ደረጃ ባሉ ሁለት ሰዎች መካከል እንዲህ ያለ ልዩነት ያልተለመደ ነው። በማግሥቱ ኮል ደ ላ ሎዝ ላይ ፖጋቻር በሬዲዮ «አልቆልኛል፣ ሞቻለሁ» ብሎ ቀረ። ከአምስት ደቂቃ በላይ አጣ። ቱሩ ያለቀው በ7 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ ልዩነት ነው።

ያኔ ጣት የተቀሰረው ማን ላይ ነበር? ቪንጌጋርድ ላይ። ጋዜጠኞች ፊት ለፊት ጠየቁት። እሱም ከስፖርቱ ያለፈ ታሪክ አንጻር ሰው ማመን ቢቸግረው እንደማይፈርድበት ተናገረ። ለልጁ የማይሰጣትን ነገር እሱም እንደማይወስድ ጨምሮ ገለጸ። በዚያ በጋ «ምስኪኑ ንጹሕ ተሸናፊ» ፖጋቻር ነበር። በዓመቱ ሚናቸውን ተቀያየሩ። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ቡድኖቹ ያው፣ ምርመራውም ያው። ክሱ ብቻ የመሪውን ቢጫ ማልያ እየተከተለ ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ዞረ።

ሌላም ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ፖጋቻር በ2023 ጸደይ ሊዬዥ–ባስቶኝ–ሊዬዥ ላይ ወድቆ የእጁ አንጓ ተሰብሮ ነበር። ቪንጌጋርድ ደግሞ በ2024 ኤፕሪል ባስክ አገር ላይ ወድቆ ሳንባው ተበሳ፣ የጎድን አጥንቶቹም ተሰበሩ። ቱሩ ሲጀመር ከዚያ አደጋ ሦስት ወር አልሞላውም። ሁለቱም ክፉኛ የተሸነፉት አጥንታቸው በተሰበረበት ዓመት ነው። ለ2025 ግን ይህን ሰበብ ማቅረብ አልችልም። በ4 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ተሸንፈናል፤ ተበለጥን፣ አለቀ። ነገሩን እንገልብጠው ካላችሁ ደግሞ፣ ሳንባው ተበስቶ ሆስፒታል የከረመ ሰው በሦስት ወር ውስጥ ተመልሶ የፓንታኒን ሰዓት መስበሩ ራሱ ለተጠራጣሪ ትልቅ ርዕስ ይወጣው ነበር። ጸሐፊው ይህን የጀግንነት ታሪክ አድርጎ ነው ያቀረበው። እኔም እንደዚያ ማመን ደስ ይለኛል። ደስታዬ ግን ማስረጃ አይሆንም።

እዚህ ላይ ከብስክሌት ትንሽ ልውጣ። ሰዓት ብቻ ይዞ መክሰስ ምን እንደሚመስል እኛ በደንብ እናውቀዋለን። ሪዮ 2016፣ አልማዝ አያና፣ 10,000 ሜትር፣ 29:17.45። የቻይናዊቷ ዋንግ ጁንሺያ የ1993 ክብረ ወሰን በ14 ሰከንድ ተሰበረ። ያ ክብረ ወሰንም ልክ እንደ ፓንታኒ ሰዓት ለዓመታት ሲጠረጠር የኖረ ነው። ጋዜጠኞች ወዲያው ጥያቄ አነሱ። አልማዝም የኔ ዶፒንግ ልምምዴ ነው፣ የኔ ዶፒንግ ኢየሱስ ነው አለች። ያኔ «ማስረጃ አምጡ!» ብለን ስንጮህ የነበርን ሰዎች ዛሬ ያለ ማስረጃ የስሎቬኒያን ልጅ ስንሰቅል ትንሽ ሊያፍረን ይገባል። በሌላ በኩል ጥርጣሬ ሁሉ ሐሜት ነው ማለቴም አይደለም። ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች በ2024 ቺካጎ ላይ የትዕግስት አሰፋን የማራቶን ክብረ ወሰን ወደ 2:09:56 ስታወርደው ብዙ ሰው ጠርጥሮ ነበር። በ2025 ሦስት ዓመት ታገደች። ያስያዛት ግን ከዚያ በኋላ የሰጠችው የሽንት ናሙና ነው። እገዳው ሲጣልባትም የቺካጎው ውጤት አልተሰረዘም።

ወደ ጽሑፉ ልመለስ። «ብስክሌቱ ስለተሻሻለ ነው» የሚለውን መልስ ጸሐፊው ያላግጥበታል። ግማሹስ ቢላገጥበት ይገባዋል። የዛሬ ጋላቢ በሰዓት እስከ 120 ግራም ካርቦሃይድሬት ይወስዳል። ጎማው ሰፍቷል፣ ልብሱም ነፋስ እንዲሰነጥቅ ተብሎ ነው የሚሠራው። እነዚህ ነገሮች ሰዓት ይቀንሳሉ። ሦስት ደቂቃ ተኩሉን በሙሉ ይሸፍናሉ ብዬ ግን አልከራከርም። ምግቡም ጎማውም ከፖጋቻር ቡድን ከዩኤኢ እኩል ለቪስማም መኖሩ ብቻ ይያዝልኝ።

ቀጥሎ ምርመራ። ጸሐፊው አሜሪካዊው ብስክሌተኛ ላንስ አርምስትሮንግ 500 ጊዜ ተመርምሮ አንዴም ስላልተያዘ የፖጋቻር ንጹሕ ውጤትም ዋጋ የለውም ይላል። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። 500 የሚለውን ቁጥር ሲያናፍስ የኖረው እኮ የአርምስትሮንግ ወገን ነው! «አንዴም አልተገኘብኝም» የሚለውም የራሱ የአርምስትሮንግ መፈክር ነበር። ሰውየውን ውሸታም ብሎ ከሰደቡ በኋላ ዋና ውሸቱን እንደ እውነት መጥቀስ ምን ይባላል? በ1999 ቱር ላይ ኮርቲኮስቴሮይድ የሚባል የተከለከለ መድኃኒት ተገኝቶበት ነበር። ለመቀመጫ ቁስል የተቀባሁት ክሬም ነው አለ፤ ቀኑ ወደ ኋላ የተጻፈ የሐኪም ማዘዣ ቀረበለትና አለፈ። በ2005 ደግሞ ሌኪፕ ጋዜጣ የ1999 ናሙናዎቹ ቆይተው ሲመረመሩ ኢፒኦ እንደተገኘባቸው ጻፈ። ላቦራቶሪው አይቶት ነበር። አይቶ እንዳላየ ያለፈው ሌላ ወገን ነው።

ደግሞም ዘመኑ ያው አይደለም። በ1999 ኢፒኦን የሚለይ የጸደቀ ምርመራ ጨርሶ አልነበረም። ሥራ ላይ የዋለው በ2000 ሲድኒ ኦሎምፒክ ነው። ከ2008 ጀምሮ ደግሞ የደም ፓስፖርት የሚሉት አለ። የጋላቢው ደም በየጊዜው እየተወሰደ ውጤቱ ይመዘገባል። ቅመሙ ራሱ ባይገኝ እንኳ ደሙ ያለ ምክንያት ከተለዋወጠ ያስጠይቃል። ጋላቢው በየቀኑ ለአንድ ሰዓት የት እንደሚገኝ አስቀድሞ ያሳውቃል። በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ከጠፋ ይከሰሳል።

ይህ መረብ ቀዳዳ የለውም? አለው እንጂ። በጥቂት በጥቂቱ የሚወሰድ ኢፒኦ ቶሎ ከሰውነት ይጠፋል። በ2019 ጀርመናዊው ሐኪም ማርክ ሽሚት የተያዘበት ጉዳይ ደግሞ ደም ከውድድር በፊት ጨምሮ ወዲያው መልሶ መቅዳት እንደሚቻል አሳይቷል። በዚያ መዝገብ ብስክሌተኞችም ነበሩበት። ግን እንዴት ተጋለጠ? መጀመሪያ አንድ ኦስትሪያዊ የበረዶ ሸርተቴ ስፖርተኛ በቴሌቪዥን ወጥቶ ተናገረ። ከዚያ ፖሊስ ገባ። በ1998 የፌስቲና ቡድን የተጋለጠው ቪሊ ቩት የሚባለው የቡድኑ ሠራተኛ ቅመም የጫነ መኪና እየነዳ ከቤልጂየም ወደ ፈረንሳይ ሲገባ ጠረፍ ላይ ስለተያዘ ነው። በ2006 ማድሪድ ውስጥ የስፖርተኞች ደም የተቀመጠባቸውን ከረጢቶች ያገኘው የስፔን ፖሊስ ነው። አርምስትሮንግን በ2012 የጣለው የገዛ ባልደረቦቹ በመሐላ የሰጡት ቃል ነው። ጉምሩክ፣ ፖሊስ፣ ያኮረፈ ወይም ሕሊናው የወቀሰው ባልደረባ፤ ይህን ስፖርት ሲያጋልጡት የኖሩት እነዚህ ናቸው። ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ የዳገት ሰዓት የሚቆጥር ሰው ጥርጣሬ ሊያነሳ ይችላል፣ ያንንም እሰየው እላለሁ። እስካሁን ግን በሰዓቱ ብቻ አንድም ሰው አላስቀጣም።

አሁን ጸሐፊው ልክ ወደሆነበት ቦታ ልምጣ። የዩኤኢ ቡድን አለቃ ማውሮ ጂያኔቲ ነው። በ2008 ቱር ላይ ይመራው የነበረው ሳውኒየር ዱቫል ቡድን፣ ሪካርዶ ሪኮ የተባለው ጋላቢው ሴራ በሚሉት አዲስ የኢፒኦ ዓይነት ሲያዝ ውድድሩን አቋርጦ ወጣ። ጂያኔቲ ራሱም ጋላቢ እያለ በ1998 ቱር ደ ሮማንዲ ላይ ወድቆ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብቶ ነበር። ሐኪሞች የተከለከለ ነገር ጠረጠሩ፤ እሱ አልወሰድኩም ብሏል። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው የዓለምን ትልቁን ቡድን መምራቱ አይዋጥልኝም። ጸሐፊው ጽሑፉን በዚህ ጀምሮ በዚህ ቢጨርስ ኖሮ እኔም ሳላጋራው አልቀርም ነበር።

ግን የወዲያኛው ቤትስ? ቪስማ ማለት የድሮው ራቦባንክ ነው። በ2007 ቱር ሚካኤል ራስሙሰን ቢጫ ማልያ ለብሶ ውድድሩ ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት የት እንደነበር ዋሽቷል ተብሎ በራሱ ቡድን የተባረረው ከዚያ ነው። እሱም ዴንማርካዊ ነው፣ በነገራችን ላይ። ስፖንሰሩ የነበረው ራቦባንክ የሚባለው ባንክ በ2012 ስሙን ከስፖርቱ አንስቶ ወጣ፤ ቡድኑ ግን ስም እየቀየረ ቀጠለ። ዛሬ ከቪስማ ዋና ዋና አሰልጣኞች አንዱ የሆነው ግሪሻ ኒርማን፣ ለራቦባንክ ሲጋልብ ኢፒኦ ይወስድ እንደነበር በ2013 አምኗል። አለቃው ጋላቢውን ካስጠረጠረ የሁለቱም ጋላቢዎች አለቆች ይቆጠሩ። የዩኤኢ ቡድን እንኳ ለኛ ባዳ አይደለም፤ ከ2017 በፊት ላምፕሬ ይባል ነበር። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቱር ደ ፍራንስን ሲጋልብ የለበሰው የላምፕሬን ማልያ ነው።

ስለ ጋዙ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ያው በተዘጋ ክፍል ከሰል ስናነድ የሚገድለን። ጽሑፉ ፖጋቻር ይህን እየሳበ ጉልበት ያገኛል ብሎ ያስደነግጣል። በ2024 ቱር ወቅት የወጣው ዘገባ ግን ሦስት ቡድኖችን ነው የጠቀሰው፤ ዩኤኢ፣ ቪስማ እና ኢስራኤል ፕሪሚየር ቴክ። ቡድኖቹ የሰጡት ማብራሪያ ልኬት ነው የሚል ነው። ጋዙ በደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ስለሚጣበቅ፣ ጥቂት ተስቦ ደሙ ሲለካ ከፍታ ቦታ የተደረገው ልምምድ ምን ያህል ሄሞግሎቢን እንደጨመረ ይታወቃል። ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ ደጋግሞ የሚስበው ሰው ሰውነቱን ከፍታ ላይ ያለ አስመስሎ ሊያታልለው ይችላል። ለዚህም ነው የዓለም አቀፉ ብስክሌት ማኅበር ዩሲአይ ከፌብሯሪ 2025 ጀምሮ መሣሪያውን ከሕክምና ተቋም ውጭ መያዝ የከለከለው። እኔ ክልከላው ዘግይቷል ባይ ነኝ። ነገር ግን ከሦስት ስም ሁለቱን ሰርዞ አንዱን ብቻ ማስቀረት ምን የሚሉት አጻጻፍ ነው?

በጣም ያናደደኝ ግን ሁለተኛ የወጣው ንጹሕ ነው የሚለው ሐሳብ ነው። ልብ ይነካል፣ አውቃለሁ። የብስክሌት ታሪክ ግን አይደግፈውም። ከ1999 እስከ 2005 ሰባቱንም ቱሮች ያሸነፈው አርምስትሮንግ ነበር። ሁለተኛ ማን ነበር? በ1999 አሌክስ ዙሌ፣ በፌስቲናው ጉዳይ ኢፒኦ መውሰዱን ያመነ ሰው። በ2000፣ በ2001 እና በ2003 ያን ኡልሪክ፣ ከማድሪዱ ጉዳይ ጋር በተያያዘ የተቀጣ፣ በኋላም ራሱ ያመነ። በ2005 ኢቫን ባሶ፣ በዚያው ጉዳይ ሁለት ዓመት የታገደ። ከሰባቱ አምስቱ እነዚህ ናቸው። በ2012 የአርምስትሮንግ ድሎች ሲሰረዙ ዩሲአይ ዋንጫውን ለሁለተኛው ለመስጠት አልደፈረም። የሰባቱ ዓመት አሸናፊ ቦታ ባዶ ነው።

እኔ በልጅነቴ ኡልሪክን ነበር የምደግፈው። አርምስትሮንግ ሌባ ነው፣ ጀርመናዊው ግን ተበድሎ ነው ብዬ ከስንቱ ጋር ተጣልቻለሁ። የጸሐፊውን ጽሑፍ ሳነብ ያንኑ ክርክር ነው የሰማሁት። እርግጥ የ2010 ቱር አለ። አሸናፊው አልቤርቶ ኮንታዶር ክሌንቡተሮል የሚባል የተከለከለ መድኃኒት ስለተገኘበት ውጤቱ ተሰርዞ ዋንጫው ሁለተኛ ለወጣው አንዲ ሽሌክ ተሰጥቷል። ስለዚህ ሁለተኛው ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ መውጣቱ ብቻ ግን ምንም አይነግረንም።

በመጨረሻ ጸሐፊው ፖጋቻር የዋት (የጉልበት ልኬት) መረጃውን በሙሉ ይፋ ያድርግ ይላል። ይህን እንግሊዛዊው ብስክሌተኛ ክሪስ ፍሩም ሞክሮታል። በ2015 ቱር ላይ አንድ ተመልካች ሽንት ረጭቶበት ነበር፤ ጥርጣሬው እስከዚያ ድረስ የከረረ ነበር። ቱሩ እንዳለቀ ላቦራቶሪ ገብቶ አቅሙን አስለካ፤ ውጤቱም ታተመ። የሚወዱት ንጹሕ ለመሆኑ ማረጋገጫ አገኘን አሉ። የሚጠሉት ከዚያው ቁጥር ላይ ጥፋቱን አነበቡ። ይፋ ይሁን ከተባለ ይሁን፣ አልቃወምም። የቪንጌጋርድም ይጨመር።

ከዋት ይልቅ ግን እኔ የምፈልገው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለውን ነው። በዓለም አቀፉ የፀረ-ዶፒንግ ሕግ መሠረት ናሙናዎች እስከ አሥር ዓመት ተቀምጠው በአዲስ ዘዴ እንደገና ሊመረመሩ ይችላሉ። ለ2023ቱ ኮምብሉ ቀነ ገደቡ 2033 ነው፣ ለ2024ቱ ፕላቶ ደ ቤይ 2034። ጸሐፊው የሁለቱም ሰዎች ናሙና እንደገና ይመርመር ብሎ ጥያቄ ካቀረበ እኔም አብሬ እፈርማለሁ።